የዝንጅብል ብስኩት በሐይቅ አየር

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከማድ ቤት ነው። መሣሪያዎቻችንም አንድ የሸክላ ምጣድ፣ አንድ የላሜራ ክዳን፣ ከሱቅ በውሰት የመጣ ሚዛንና አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያች ማድ ቤት ውስጥ በሁለት ቀን የተማርነው ፊዚክስ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምናስተምረው የሚያንስ ሆኖ አላገኘነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በቦስተን አቅራቢያ በኖርንባቸው ዓመታት፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አዛውንት ብርድ በገባ ቁጥር የዝንጅብል ብስኩት ይጋግሩ ነበር። ብስኩቱ ጠቆር ያለ፣ ላዩ የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙ ደረቅ፣ መኻሉ ለስላሳ ነው። ጥቁረቱንና ምሬት አዘል ጣፋጭነቱን የሚሰጠው ሞላሰስ የተባለው የስኳር ዝቃጭ ነው። ወደ አገራችን ለመመለስ ስንሰናበት አዛውንቷ የብስኩቱን አሠራር በወረቀት ላይ አስጻፉን። ወረቀቱ ከመጻሕፍቶቻችን መካከል ሆኖ ለዓመታት ተቀመጠ።

በ2016 ዓ.ም. የገና በዓል ማግስት ወላጆቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ሐይቅ ከተማ ስንሄድ ያን ወረቀት ይዘን ሄድን። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ስሟን ካጠገቧ ከተኛው ውሃ የወሰደች ከተማ ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም የሚገኘው እዚያው ነው። እናታችን ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ከደከመም ሰንብቷል። የዓመት በዓሉን ድፎ የሚጋግሩት ግን አሁንም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን በልባችን የነበረው ሐሳብ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የዚያችን የሩቅ አገር ሴት ብስኩት ለእናታችን ማቅመስ፣ ሁለተኛው ደግሞ እናታችን ድፎ የሚጋግሩበትን መንገድ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይደክም በጽሑፍ ማስቀረት።

ማሟሻው

የመጀመሪያው ቀን ሙከራችን ከሸፈ። በወረቀቱ የተጻፈውን ዱቄት፣ ስኳርና ሶዳ አንድም ሳናዛንፍ መዝነን፣ ሊጡን ድብልብል አድርገን በትሪ ደረደርን፤ ትሪውንም በጋለው ምጣድ ላይ አስቀምጠን ከደንነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ስናነሣ ድብልብሎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው አንድ ቀጭን ቂጣ ሆነዋል። ሥሩ ከሰል መስሏል፤ ላዩ ገና ሊጥ ነው። ሲቀመስም የሳሙና ጣዕም ነበረው። ጎረቤቶች ለቡና ተጠርተው ነበርና፣ «የአሜሪካ ብስኩት» ብለን ያስወራንበት ነገር እንዲህ ሆኖ መቅረቡ አሳፈረን።

እናታችን ግን ከተቀመጡበት ሆነው ቁራሹን አሽትተው፣ በጣታቸው ዳብሰው፣ «አብሽር ልጄ፣ ይኸ ማሟሻው ነው» አሉ። ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ይህን ያጻፈችህ ሴትዮ አገሯ ደጋ ነው ቆላ?»

ፊዚክስ ስናስተምር ዓመታት አልፈውናል። ይህ ጥያቄ ግን ሊጡን ከማቡካታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ፣ እኛ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር።

ደጋ ነው ቆላ?

ቦስተን በክረምት በረዶ የሚከመርባት ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ስለዚህ በብርዷ ብቻ ከፈረድን «ደጋ» እንላት ይሆናል። ለጋጋሪ ግን ዋናው ጉዳይ ብርዱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ቦስተን ከባሕር ጠለል እኩል የተቀመጠች ስለሆነች በአየር ግፊት ረገድ ከአዋሽ በረሃ የባሰች ቆላ ናት። ሐይቅ በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች።

እንደሚታወቀው የአየር ግፊት ማለት ከበላያችን ያለው አየር ክብደት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ግፊቱም ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ሐይቅ ላይ የሚቀረን ከአምስት እጅ አራት እጁ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በመጀመሪያ የሚታየው በሚፈላ ውሃ ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው የራሱ እንፋሎት ግፊት ከውጪው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ስለሆነም የውጪው ግፊት ዝቅ ሲል ነጥበ ፍሌቱም ዝቅ ይላል። ከባሕር ጠለል በታች በሆነው በዳሎል ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አልፎ ይፈላል፤ በሐይቅ 93 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ፣ በራስ ዳሽን ጫፍ ደግሞ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመቀቀል ረጅም ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው።

ለብስኩት ይህ ምን ያመጣል? ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፤ የቀረው ስኳርም በቀረችው ጥቂት ውሃ ውስጥ እየጠነከረ ይሄዳል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ የዱቄቱ ስታርችና የእንቁላሉ ፕሮቲን ረግተው ቅርጽ ከመያዛቸው በፊት ሊጡ ቀልጦ ይዘረጋል። የእኛ ድብልብሎች ቂጣ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

ሁለት ማንኪያ ሶዳ

ሁለተኛው ምክንያት ሶዳው ነው። ወረቀቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያዛል። አንድ ሞል ሶዲየም ባይካርቦኔት 84 ግራም ስለሚመዝን 10 ግራም ማለት 0.119 ሞል ነው። ይህ ሁሉ ከአሲድ ጋር ቢዋሃድ 0.119 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። የዚህ ጋዝ ይዘት በ20 ዲግሪ ሙቀትና በቦስተን ግፊት 2.9 ሊትር ገደማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያውቁት የቦይል ሕግ እንደሚለው ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዝ ይዘት ከግፊቱ ጋር የተገላቢጦሽ ግንኙነት አለው። ስለዚህ ያው 10 ግራም ሶዳ በሐይቅ 3.6 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል።

ለአንድ ትሪ ሊጥ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። አረፋዎቹ ከሚገባው በላይ ይነፋሉ፤ ግድግዳቸው ሳይረጋ ይቀደዳል፤ ሊጡም መጀመሪያ ያብጥና ወዲያው ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ሊጡ ውስጥ ያለው አሲድ ለሶዳው ሁሉ አይበቃም። የተረፈው ሶዳ በእሳቱ ኃይል ብቻ ሲበተን ግማሽ ያህል ጋዝ ይሰጥና ሶዲየም ካርቦኔትን ትቶ ይሄዳል። ያ የቀመስነው የሳሙና ጣዕም ከዚሁ የመጣ ነው።

መፍትሔው በስሌቱ ውስጥ ነው። ሶዳውን በሩብ ቀንሰን 7.5 ግራም ብናደርገው በሐይቅ ግፊት 2.7 ሊትር ገደማ ጋዝ እናገኛለን። ይህም ወረቀቱ በቦስተን ካሰበው እምብዛም አይርቅም። የሴትዮዋ አሠራር ስሕተት አልነበረበትም፤ የአገሯ አየር በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ አብሮ መምጣቱን ግን እኛ አላስተዋልንም።

ሞላሰስ ምንድን ነው?

የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ሲፈላና ሲወፍር ስኳሩ እየጠጠረ ይለያል። ሳይጠጥር የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። በውስጡ ያልጠጠረ ስኳር፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ እንዲሁም እንደ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ብረት ያሉ ማዕድናት ይገኛሉ። ግሉኮስና በተለይም ፍሩክቶስ እርጥበት አጥብቀው ስለሚይዙ ብስኩቱ መኻሉ ሳይደርቅ እንዲሰነብት ያደርጋሉ።

ሞላሰስ ሲነሣ የፊዚክስ መምህር ሊያልፈው የማይችል አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1919 በዚያችው በቦስተን ከተማ ከ8 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሞላሰስ የያዘ የብረት ታንከር ፈነዳ። ሞላሰሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር በሚገመት ፍጥነት በጎዳናው ላይ ሞገድ ሆኖ ወረደ፤ 21 ሰዎች ሞቱ፤ 150 ያህሉ ቆሰሉ። ብዙ ሰው «ማር የመሰለ ወፍራም ነገር እንዴት ሮጦ ሰው ይደርስበታል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ሁለት ነው። ሞላሰስ ከውሃ በ40 በመቶ ገደማ ስለሚከብድ ከከፍታ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚገፋው የራሱ ክብደት ነው። ቪስኮሲቲ የሚባለው የፈሳሽ መጎተት የሚያሸንፈው ፍሰቱ ከቀዘቀዘና ከተረጋጋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ሞላሰሱ በክረምቱ ብርድ ይበልጥ እየወፈረ ስለሄደ የተያዙትን ሰዎች ማውጣት አስቸጋሪ ሆነ።

በአገራችን የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። መተሐራና ፊንጫ በኋላ ተከትለዋል። ከእነዚህ ፋብሪካዎች የሚወጣው ሞላሰስ ለከብት መኖና ለአልኮል መጥመቂያ ሲውል ኖሯል። ከሞላሰስ የተመረተ ኤታኖልም ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 መሸጥ ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችንን እናስጠነቅቃለን። ለከብት መኖ የሚሸጥ ሞላሰስ ለሰው ምግብ ተብሎ ያልተጣራ፣ በርሜሉና አያያዙም ለሰው ያልታሰበ ስለሆነ ለብስኩት ብላችሁ አትግዙት። እኛ በምትኩ ያደረግነው 60 ግራም ማር ከ20 ግራም የተቃጠለ ስኳር ጋር ማዋሃድ ነው። ማር ፍሩክቶስና ግሉኮስ በብዛት ስላለው እርጥበት የመያዙን ሥራ ይሠራል፤ አሲድነቱም ሶዳውን ይቀሰቅሳል። የሞላሰስን ጥቁረትና ምሬት የሚሰጠው ደግሞ ከ160 ዲግሪ በላይ ሞቆ የጠቆረው ስኳር ነው።

እህታችን ከገበያ ሸንኮራ አገዳ ገዝተን ጭማቂውን እንድናወፍር ሐሳብ አቅርባ ነበር። ከመስማማታችን በፊት በወረቀት አሰላነው። ከ5 ሊትር ጭማቂ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ወፍራም ሽሮፕ ለማግኘት 4 ሊትር ገደማ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። የአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ድብቅ የትነት ሙቀት 2.26 ሜጋ ጁል ስለሆነ፣ ጭማቂውን ከማፍላቱ ጋር ተደምሮ ከ10 ሜጋ ጁል በላይ ይፈጃል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እንጨት ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንድ እጁ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ሽሮፕ 5 ወይም 6 ኪሎ ደረቅ እንጨት ማንደድ ይኖርብናል። እንጨቱን ተሸክሞ የሚያመጣውን ሰው ስናስብ ማሩ ረከሰብን።

ሽሮፕ ለሚያፈላ ሰው ግን አንድ ምክር አለን። የውጪ መጻሕፍት «ሽሮፑ 107 ዲግሪ ሲደርስ አውርድ» ቢሉ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ትርጉሙም «ከውሃ ነጥበ ፍሌት 7 ዲግሪ ሲበልጥ» ማለት ነው። በሐይቅ ይህ የሚሆነው 100 ዲግሪ ላይ ነው። እስከ 107 ከጠበቅነው ሽሮፑ ሲበርድ ከረሜላ ወደ መሆን ይቃረባል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በቤታችሁ የሚፈላውን ንጹሕ ውሃ ለኩ፤ ከዚያም ልዩነቱን ብቻ ተከተሉ።

ከላይና ከታች እሳት

ሥሩ ለምን ከሰለ? ላዩስ ለምን ሊጥ ቀረ? የፈረንጁ ምድጃ ብስኩቱን ከየአቅጣጫው በሞቀ አየርና በጨረር ይከበዋል። እኛ ግን ትሪውን በቀጥታ በሸክላው ላይ ስላሳረፍነው ሙቀቱ በኮንዳክሽን ከሥር ብቻ ገባ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከክዳኑ በላይ ፍም እንደሚደረግ እያወቅን፣ በወረቀቱ ላይ ስላልተጻፈ ተውነው። እናታችን «ላዩን ማን ያብስለው ብለህ ነው?» ብለው ሳቁብን።

ሁለት ነገር እንድናደርግ አዘዙን። አንደኛ፣ ከትሪው ሥር ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠሮች እንድናደርግ። ከጠጠሮቹ በስተቀር በምጣዱና በትሪው መካከል አየር ይሆናል ማለት ነው። አየር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከሸክላ በሃያ እጥፍ ገደማ ስለሚያንስ የሥሩ ግለት ይበርዳል። ሁለተኛ፣ በላሜራው ክዳን ላይ ፍም እንድንነሰንስ።

ፍሙ ለምን በቀጥታ ብስኩቱን አያየውም? የስቴፋንና ቦልዝማን ሕግ እንደሚለው አንድ አካል የሚረጨው ጨረር በኬልቪን ከሚለካው ሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ፍም 800 ዲግሪ፣ ክዳኑ ደግሞ 250 ዲግሪ ቢሆኑ ከእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ፍሙ ከክዳኑ 17 እጥፍ ያህል ይረጫል። ይህን በቀጥታ የሚቀበል ብስኩት በደቂቃ ውስጥ ይነድዳል። ክዳኑ የፍሙን ቁጣ ተቀብሎ፣ በስፋቱ አከፋፍሎ፣ በለዘበ ጨረር ወደ ታች ይመልሰዋል።

ለድፎው ደግሞ የኮባ ቅጠል አለ። ቅጠሉ በውሃ የተሞላ ስለሆነ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የራሱ ሙቀት ከነጥበ ፍሌት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ምጣዱ ቢግልም የድፎው ሥር አያርርም፤ መዓዛውም ትርፍ ነው።

ስለ ጊዜው ደግሞ እንዲህ እናስላ። ሙቀት በአንድ ነገር ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ብስኩቱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ድፎው 10 ሴንቲ ሜትር ቢወፍሩ የጊዜው ልዩነት አሥር እጥፍ ሳይሆን መቶ እጥፍ ይሆናል። ብስኩቱ በአሥር ደቂቃ ቢበስል ድፎው አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ነው። ድፎ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሕጉ ተሽሮ ይሆን? አልተሸረም። በተቦካ ሊጥ ውስጥ ካሉት አረፋዎች በሞቀው ወገን ውሃ ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ተሻግሮ ጠል ይሆናል፤ ሲጠልም የያዘውን ድብቅ ሙቀት ይለቅቃል። ከአረፋ ወደ አረፋ እንዲህ እየተቀባበለ ሙቀቱ መኻል ይደርሳል። ሳይቦካ የተጋገረ ወፍራም ሊጥ መኻሉ ጥሬ የሚሆነው ይህ መንገድ ስለሌለው ነው።

ቡናማው ቀለምና የሚያቃጥለው ጣዕም

የብስኩቱ ላይ ወደ ቡናማነት የሚለወጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ባመለከተው የአሚኖ አሲድና የስኳር መስተጋብር ነው። መስተጋብሩ በ140 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ በጣም ይፈጥናል። እርጥብ ሊጥ ግን ከ93 ዲግሪ እምብዛም ስለማያልፍ ላዩ ካልደረቀ አይጠቁርም። የእንጀራው፣ የቆሎውና የሚቆላው ቡና ሽታ ሁሉ የዚሁ መስተጋብር ዘመዶች ናቸው።

ነገር ግን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በከፍተኛ ሙቀት በተጠበሱና በተጋገሩ ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ ውሁድ እንደሚገኝ አስታወቁ። ይህ ውሁድ በዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል መሆኑ ያመዝናል» በሚለው ምድብ ከተያዘ ቆይቷል። ዝንጅብል ያላቸው ጥቁር ብስኩቶች አክሪላማይድ ከሚበዛባቸው የተጋገሩ ምግቦች መካከል ናቸው። ስለዚህ ጠርዙ ሲጠቁር ሳይሆን ቡናማ ሲሆን ማውጣት ለጣዕምም ለጤናም ይበጃል።

ዝንጅብሉስ ለምን ያቃጥላል? በምላሳችን ነርቮች ላይ ከ43 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ሲነካቸው የሚከፈቱ የፕሮቲን በሮች አሉ። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን እነዚሁን በሮች ያለ ሙቀት ይከፍታቸዋል፤ የዝንጅብሉ ጂንጀሮልም እንዲሁ። አንጎላችን «እሳት ነካኝ» የሚል መልእክት የሚደርሰው በዚያው በር ነው። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. የ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ዝንጅብል ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ይበልጥ ወደሚያቃጥል ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሲበስል ደግሞ ከፊሉ ለስለስ ወዳለ ዚንጀሮን ይለወጣል። እርጥብ፣ ደረቅና የበሰለ ዝንጅብል ሦስት ልዩ ልዩ ጣዕም የሚኖራቸው ለዚህ ነው።

የእፍኝ ሚዛን

በሁለተኛው ቀን እናታችን ድፎ ሊያቦኩ ሲነሡ ሚዛኑን ይዘን አጠገባቸው ተቀመጥን። «ስንት ዱቄት ነው የሚገባው?» ብለን ስንጠይቅ «እንደ እፍኙ ነዋ» አሉ። እፍኛቸውን አምስት ጊዜ በሚዛን ላይ እንዲዘግኑ ለመንናቸው። ትንሹ 172፣ ትልቁ 181 ግራም ሆነ። ዓይናቸው የማያየውን እጃቸው ከአማካዩ በሦስት በመቶ ሳይርቅ ይመዝናል። በቤተ ሙከራችን ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ተማሪ ብናገኝ ደስ ይለናል።

የምጣዱን ግለት ለማወቅ ደግሞ ሁለት ዘዴ አላቸው። ቆንጠር ዱቄት በምጣዱ ላይ ነስንሰው ሽታውን ይጠብቃሉ፤ ወዲያው የተቆላ ዱቄት ከሸተተ ግለቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያም መዳፋቸውን ከምጣዱ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው በልባቸው «አቡነ ዘበሰማያት»ን ይደግማሉ። ከኩሌታው ሳይደርሱ እጃቸው ከሸሸ እሳቱ ይወጣል፤ ጨርሰውም ካልሸሸ ይጨመራል። በቴርሞሜትር ስንለካው «ደርሷል» ባሉበት ጊዜ የምጣዱ ገጽ ከ200 ዲግሪ ብዙም አልራቀም። መዳፍ የጨረር መለኪያ፣ ጸሎቱ ደግሞ የሰዓት መቁጠሪያ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍነው። በልጅነታችን በዚያች ማድ ቤት አድገን ሳለ፣ በውጪ አገር ስለ ሙቀት መተላለፍ ፈተና ስንፈተን አንድ ቀን እንኳ የእናታችን ምጣድ ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር። የሩቅዋን አዛውንት አሠራር በወረቀት ይዘን ባሕር ተሻግረን ስንመጣ የእናታችን ግን በወረቀት ላይ አልነበረም። ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ አይመስለንም።

ለ2000 ሜትር ከፍታ የተስተካከለ አሠራር

የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም፣ ለጋ ቅቤ 170 ግራም፣ ስኳር 170 ግራም (ወረቀቱ 200 ይላል)፣ አንድ እንቁላል፣ ማር 60 ግራም ከ20 ግራም የተቃጠለ ስኳር ጋር፣ ሶዳ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተወቀጠ ቅርንፉድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ።

የተቃጠለው ስኳር በጥቂት ሙቅ ውሃ ሟምቶ ከማሩ ጋር ይዋሃድ፤ ስኳሩ ውሃ ሲነካው ይፈናጠራልና ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል። ቅቤውና ስኳሩ ተመትተው እንቁላሉና ማሩ ይጨመር፤ ከዚያም ደረቁ ሁሉ ይግባ። ሊጡ አንድ ሰዓት በቀዝቃዛ ስፍራ ይረፍ። በለውዝ ፍሬ ሳይሆን በትንሽ ዕንቁላል አስኳል መጠን ተድቦልቡሎ፣ ተራርቆ በትሪ ይደርደር፤ ትሪውም በጠጠሮች ላይ ተቀምጦ ከላይ ፍም ያለበት ክዳን ይደፋበት። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጣ መኻሉ ለስላሳ ቢመስልም ሲበርድ ይጠነክራል። በጾም ወቅት ቅቤው በ140 ግራም ዘይት፣ እንቁላሉ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ሊተካ ይችላል፤ ብስኩቱ ግን ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል።

የዚህ መጽሔት አንባብያን በየከፍታው የምትኖሩ ናችሁ። ከኮምቦልቻ፣ ከሰመራ፣ ከደብረ ብርሃን ሆናችሁ የቤታችሁን ውሃ ነጥበ ፍሌት ለክታችሁ ከከተማችሁ ከፍታ ጋር ብታስተያዩት፣ ከዚያም የእናቶቻችሁን እፍኝና ጭብጥ መዝናችሁ በደብተራችሁ ብትጽፉ፣ ለአንድ የተግባር ፊዚክስ ሙከራ የሚበቃ ቁም ነገር ታገኛላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብስኩቱ ተሰነጣጥቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደዚያ እንደ ሩቁ አገር ሆኖ ወጣ። ጎረቤቶችም ለቡናው ተመልሰው መጡ። እናታችን አንዱን አንሥተው በጣታቸው ዳበሱ፤ አሸተቱ፤ ቆረሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ደግ ነው» አሉ። «ዝንጅብሉ ግን በዝቷል።»

ያን ዕለት ያደረግነው ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ነበር። ከላይ በሠፈረው አሠራር ላይ ግማሹን ቀንሰናል።